እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰውን የሚገድለው ምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃይሊ ጉቢ ከፈነዳ ወዲህ ስለ እሳተ ገሞራ የሚጠይቀው ሰው በዝቷል። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ ቴሌግራም ላይም ጥያቄው ያው ነው። አብዛኛው ጥያቄ የሚነሳው ፊልም ላይ ከታየው ነገር ነው፤ ቀይ እሳት ቁልቁል ይፈሳል፣ ሕዝቡ ይሮጣል። እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው። የቅርባችንን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የሩቁን በፈረንጆቹ ጽፌዋለሁ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ላይ በትክክል ምን ሆነ?

ዕለቱ እሑድ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ተራራው በኤርታ አሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ይገኛል። ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ ነው። ከአካባቢው ሰውና ከተመራማሪዎች በቀር ስሙን የሚያውቅ ብዙም አልነበረም። ከዚያ በፊት ሲፈነዳ አይቻለሁ ብሎ የጻፈም የለም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ። በማግስቱ ማታ ደግሞ ደልሂ ሰማይ ላይ ነበር።

በዜናው የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ተደጋግሞ ተነገረ፤ እሰየው ነው። ግን አፍዴራ አካባቢ ላለ አርብቶ አደር "ጉዳት አልደረሰም" ቢሉት አይዋጥለትም። ግጦሹ አመድ ለበሰ። ፍየልና ግመል አመድ የለበሰ ሣር ቢበሉ ጥርሳቸውም ሆዳቸውም ይጎዳል፤ ካልበሉ ደግሞ ይከሳሉ። ኑሮው ከብቱ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እሳተ ገሞራ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያደርሰው እንዲህ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ካሜራው ከሄደ በኋላ።

በእኛ አካባቢ ከዚያ በፊት ፈንድቶ ያውቃል?

በደንብ አድርጎ! የረሳነው በረሃ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ኤርትራ ውስጥ ያለው ዱቢ እ.ኤ.አ. በ1861 ፈንድቶ ከ100 በላይ ሰው ገድሏል። አመዱ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ወርዷል። በአፍሪካ በታሪክ ከተመዘገቡት ትልልቆቹ ውስጥ ነው።

ከዚያ ዳባሁ መጣ። መስከረም 16 ቀን 1998፣ የደመራ ዕለት፣ ሌላው አገር ችቦ ሲያበራ አፋር ውስጥ መሬት ተሰንጥቆ አመድና ድንጋይ ተፋ። ከዚያ በፊት መንቀጥቀጡ ቀናት ፈጅቷል። የአካባቢው ሰዎች ለተመራማሪዎች እንደተናገሩት አመዱ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አጨለማቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አካባቢውን ለቀው ወጡ። ሳይንሱን ግን ይበልጥ ያስደነቀው ከሥር የሆነው ነው። የቀለጠ አለት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፈተው። ስምጥ ሸለቆው በዓመት የሚሰፋው በሚሊ ሜትር ነው። የመቶዎች ዓመት ሥራ በአንድ ወር አለቀ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ዓመታት የፈጀ ጥናት ያደረጉበት ቦታ ይህ ነው።

ሰኔ 5 ቀን 2003 ማታ ደግሞ ናብሮ ፈነዳ። ኤርትራ ውስጥ፣ ከድንበራችን ጥግ። እሱም እንደ ሃይሊ ጉቢ የፈነዳበት ጊዜ አልተመዘገበም ነበር፤ "ሞቷል" የሚባል ዓይነት ነው። ሰዎችን ገደለ፣ ሌሎችን አፈናቀለ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው የድኝ ጋዝ ወደ ሰማይ ላከ። በማግስቱ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት የአፍሪካ ጉብኝታቸውን አሳጥረው ተመለሱ። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ናብሮ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሰው የሚሞተው በሚፈሰው እሳት ተቃጥሎ ነው?

አልፎ አልፎ። ላቫ፣ ማለትም የቀለጠው አለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው እርምጃ ያነሰ ፍጥነት ነው ያለው። ቤት ይበላል፣ መንገድ ይቆርጣል፣ ማሳ ይቀብራል። ሰው ግን ዞር ይልለታል።

ኒራጎንጎ ግን ከዚህ ይለያል። ይህ በምሥራቅ ኮንጎ ያለ ተራራ ላቫው እጅግ ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አናቱ ላይ የነበረው የላቫ ሐይቅ ጎኑን ቀዶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተራገፈ። ቁልቁል የወረደው በመኪና ፍጥነት ስለነበር የተኙ መንደሮች አላመለጡም። በ2002 ደግሞ ጎማ ከተማ መሐል ገብቶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ቤት አልባ አደረገ። በ2021 እንደገና ፈነዳ። ጎማ ዛሬም እዚያው ናት።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው?

አራት ነገሮችን ያዙ። አንደኛው የሚነድ የጋዝና የአመድ ደመና ነው፤ ተራራውን ተንተርሶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወርዳል። ሁለተኛው ጭቃ ነው። ሦስተኛው ባሕር ውስጥ ወይም ዳር ሲፈነዳ የሚነሳው ሱናሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ክራካታው ሲፈነዳ ከሞተው ከ36 ሺህ በላይ ሕዝብ አብዛኛውን የወሰደው ማዕበሉ ነው። አራተኛው ረሃብ ነው። ብዙ ሰው የጨረሰው እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ፖምፔይ የተቀበረችውስ በላቫ አይደለም እንዴ?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ መጀመሪያ ለሰዓታት ቀላል ድንጋይና አመድ ዘነበ፤ ጣሪያ ተደረመሰ። ሸሽቶ የወጣ ብዙ ሰው ተረፈ። ዕቃዬን ብሎ የቆየውን ደግሞ የሚነደው ደመና ደረሰበት።

ሴንት ፒየር ላይ አንድ እስረኛ ብቻ ተረፈ የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሴንት ፒየር በካሪቢያን የምትገኘው የማርቲኒክ ደሴት ዋና የንግድ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1902 ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ላይ በላይዋ ያለው ፔሌ ተራራ ፈነዳ። የሚነደው ደመና ከተማዋን ለመድረስ ደቂቃዎች ብቻ ፈጀበት። 28 ሺህ ያህል ሰው ሞተ።

ከሞት የተረፈው እስረኛ ሉጀር ሲልባሪስ ይባላል። የታሰረበት ክፍል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ነው። መስኮት የለውም፤ በሩ ላይ ብቻ ጠባብ ቀዳዳ ነበረች። በዚያች ቀዳዳ የገባው ትኩስ አየር ጀርባውንና እግሩን አቃጠለው፣ ልብሱ ግን አልነደደም። ከአራት ቀን በኋላ ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች አወጡት። ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ከሰርከስ ጋር እየዞረ ጠባሳውን ያሳይ ነበር። ክፍሉ አሁንም ቆሟል፣ ጎብኚ ይገባበታል። ግን ብቸኛው አልነበረም። ከተማው ጫፍ ላይ ይኖር የነበረ ሊዮን ኮምፔር ሊያንደር የሚባል ጫማ ሰሪም በቃጠሎ ቢጎዳም ተርፏል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በፊት የነበሩት ቀናት ናቸው። ተራራው ከሚያዝያ ጀምሮ ሲያጨስ፣ አመድ ሲያዘንብ ነበር። ወፍ ሞቶ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። እባብ ከተራራው ሸሽቶ ሰፈር ገብቶ ሰው ነድፏል። ከፍንዳታው ሦስት ቀን ቀድሞ ትኩስ ጭቃ ወርዶ አንድ የስኳር ፋብሪካ ከነሠራተኞቹ ቀብሯል። የምርጫ ሰሞን ነበር። ጋዜጣው ሕዝቡን ያረጋጋ ነበር። አገረ ገዢው ራሱ ወደ ከተማዋ መጣ፤ እዚያው ሞተ። ከገጠር የሸሸው ሰው ወደ ሴንት ፒየር ገባ እንጂ ከሴንት ፒየር አልወጣም።

ጭቃ እንዴት 23 ሺህ ሰው ይገድላል?

ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ የሚባል፣ አናቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የተሸከመ ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1985 ማታ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፈነዳ። ፍንዳታው ትልቅ የሚባል አልነበረም። ነገር ግን የበረዶውን የተወሰነ ክፍል አቀለጠው። ውሃው አመዱን፣ አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ ዛፉን እየሰበሰበ በወንዞቹ መውረጃ ቁልቁል ነጎደ። ሲጀምር ውሃ ነው፤ ሲደርስ የተቦካ ሲሚንቶ ሆኗል። አርሜሮ ከተማ የደረሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ከ29 ሺህ ነዋሪ ወደ 20 ሺህ ያህሉ በዚያ ሌሊት አለቀ፤ በሌሎች ቦታዎች የሞተው ሲጨመር 23 ሺህ ይደርሳል።

ሁለት ሰዓት ተኩል! ከፍ ያለ መሬት በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ ነበር። አደጋው የሚደርስበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ከአንድ ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ አርሜሮ አደጋ ቀጠናው ውስጥ ተሥላለች። ከሰዓት በኋላ አመድ ሲዘንብ ነዋሪው ተረጋግቶ ቤቱ እንዲቆይ ተነገረው። ማታ መብራት ጠፋ፤ ዝናብ ነበር። ከተማዋ የተሠራችበት ቦታም እ.ኤ.አ. በ1845 ከዚያው ተራራ ወርዶ የደረቀ ጭቃ ላይ ነው፤ ያኔም ሰው ጨርሷል።

ባለሙያ አላስጠነቀቀም ማለት አይቻልም። ማስጠንቀቂያው ከወረቀት ወርዶ ሰውን ከአልጋው የሚያስነሳ ሳይሆን ቀረ።

ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ ግን አይደለም። የቀለጠው አለት ወደ ላይ ሲገፋ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያብጣል፣ የጋዙ መጠን ይለወጣል። መሣሪያ ተተክሎ የሚከታተለው ሰው ካለ ይታወቃል።

የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ጥሩ ምሳሌ ነው። 500 ዓመት ያህል ተኝቶ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1991 ነቃ። የፊሊፒንስና የአሜሪካ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ተከሉ፣ የአደጋ ደረጃ አወጡ፣ ካርታ ሠሩ። ከሁሉ የጠቀማቸው ግን አንድ ቪዲዮ ነው። የሚነድ ደመናና ጭቃ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ነው፤ ለባለሥልጣኑም ለነዋሪውም አሳዩት። ሰው ካርታ አይቶ አይደነግጥም፣ ይህን አይቶ ግን ደነገጠ። ቪዲዮውን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ሞሪስ ክራፍት በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ጃፓን ውስጥ ኡንዜን ተራራ ላይ ከባለቤቱ ከካቲያ ጋር በሚነድ ደመና ሞተ። ፒናቱቦ ሰኔ 15 ሲፈነዳ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጥተው ነበር። ቢያንስ 5 ሺህ ሰው እንደተረፈ ይገመታል።

እንዲያም ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞተዋል። በዚያው ቀን ከባድ አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጣ። አመዱ ረጠበ፣ ከበደ፣ ጣሪያ ወደቀ። ብዙው ሰው የሞተው ጣሪያ ተጭኖት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነበር። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተሰምቶታል። ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቦታቸው ተነሱ። ላቫ አልወጣም። "በከንቱ ነው ያንገላቱን" ያለ ሰው አልጠፋም። አርሜሮን የሚያውቅ ግን እንዲህ ለማለት አይቸኩልም።

በታሪክ ከሁሉ የከፋው የትኛው ነው?

በተጻፈ ታሪክ ታምቦራ ነው። ኢንዶኔዥያ፣ ሱምባዋ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1815። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የነበረው ተራራ ከሲሶው የማያንስ ቁመቱን አጣ፤ ዛሬ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ወዲያው የሞተው ሰው በአስር ሺህ ቢገመት፣ ከዚያ በኋላ በረሃብና በበሽታ የሞተው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። አመዱ ማሳውን ቀበረ፣ ውሃውን አበላሸ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በጋ አላዩም። በሰኔ በረዶ ወረደ፣ እህል ሳይደርስ ቀረ።

የሩቅ አገር ፍንዳታ የእኛን ዝናብ ሊነካ ይችላል?

ይችላል፤ የአይስላንዱ ላኪ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1783 ጀምሮ ለስምንት ወር ያህል ከመሬት ስንጥቅ ላቫና ጋዝ ሲተፋ ቆየ። ወደ 120 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የድኝ ጋዝ ወጣ። ፍሎሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሣሩን መረዘው፤ በጉ ጥርሱና አጥንቱ እየተበላሸ አለቀ። ከብት ሲያልቅ ሰው ተራበ፤ ከአይስላንድ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሞተ።

ድኙ አየር ላይ ሲቆይ የፀሐይን ሙቀት ይጋርዳል። የሰሜኑ የዓለም ክፍል ሲቀዘቅዝ ወደ አፍሪካ ዝናብ የሚያመጣው ንፋስ ይዳከማል። በዚያ ዓመት ዓባይ ጎደለ፤ ግብፅ ተራበች። በኮምፒውተር የተሠሩ የአየር ንብረት ጥናቶች ይህን ከላኪ ጋር ያገናኙታል። የዓባይ ጎርፍ ማለት የእኛ ደጋ ክረምት ማለት ነውና፣ አይስላንድ ውስጥ የነደደው እሳት የጎጃምን ሰማይ ነክቷል ቢባል ማጋነን አይደለም።

አውሮፕላን ለምን ይቆማል? አመድ አይደለም እንዴ?

የምድጃ አመድ እፍ ሲሉት ይበናል። ይህ ግን የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው። ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጣል፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ላይ ተለጥፎ አየሩን ይዘጋል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1982 ሌሊት የብሪታንያ አየር መንገድ ጃምቦ ጄት ኢንዶኔዥያ ላይ ሲበር፣ ጋሉንጉንግ የተባለ ተራራ አመድ ውስጥ ገባ። አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። አውሮፕላኑ ከ240 በላይ መንገደኛ ይዞ ያለ ሞተር ለደቂቃዎች ተንሳፈፈ። ወደ ታች ወርዶ ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ እንደገና ተነሱ። የፊት መስታወቱ ግን በብርጭቆ ወረቀት እንደተፋቀ ደብዝዞ ስለነበር፣ አብራሪዎቹ ጃካርታ ያረፉት በጎን ባለች ጠባብ ቦታ እያጮለቁ ነው። አየር መንገዶች አመድ ሲባል የሚበረግጉት ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንዱ ኤያፍያላዮኩል ሲፈነዳ 100 ሺህ ያህል በረራ ተሰርዟል፤ የኬንያ ገበሬ አበባውን ናይሮቢ ላይ ጥሏል።

ሳይፈነዳስ ይገድላል?

ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 ማታ ከሥሩ የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዴ ወጣ። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ሸለቆውን ተከትሎ ወረደ። ከ1,700 በላይ ሰውና በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች እንደተኙ ቀሩ። ቤቱ፣ ዕቃው፣ ዛፉ ሁሉ እንደቆመ ነበር። አሁን ጋዙን ቀስ በቀስ የሚያስወጣ ቧንቧ ተተክሎለታል።

አዲስ አበባ ትሰጋለች?

እንጦጦ፣ ወጨጫና የረር እሳተ ገሞራ ነበሩ፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት። ለእነሱ እንቅልፍ አትጡ። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ ግን ነገሩ ይለያል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ራሳቸው የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው። ላንጋኖ አጠገብ ያለው አሉቶና ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ መሬታቸው ከፍ ዝቅ ስለሚል በሳተላይት ጭምር ይታያሉ። ነገ ይፈነዳሉ ማለት አይደለም። ክትትል ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው።

አመድ ቢዘንብብን ምን እናድርግ?

ቤት ግቡ፣ መስኮትና በር ዝጉ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። አፍና አፍንጫ በማስክ ይሸፈን፤ ከሌለ በነጠላም ቢሆን። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ አውልቁና መነጽር አድርጉ፤ ዓይን አይታሽ። የውሃ በርሜልና እንስራ ይከደን። ለከብቶች ከአመዱ በፊት የታጨደ ድርቆሽ ካለ እሱን ስጡ፤ ሣሩን ማራገፍ የተወሰነ ይረዳል። የመኪና መስታወት በደረቁ አትጥረጉ፣ ይጫራል።

ጣሪያ ላይ የተከመረ ካለ ዝናብ ሳይመጣ መውረድ አለበት። አቧራው እንዳይነሳ ጥቂት ውሃ እርጭት ይበቃል፤ በጎማ ማጠብ ግን አይሆንም፤ ረጥቦ ይከብዳል። መሰላል ላይ የሚወጣው ሰው ብቻውን አይውጣ፤ አመድ ያንሸራትታል።